ማንም ያልመረጠው ድንክ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሒሳብ መምህር የሆነ ባልደረባችን ቤት እንሰበሰባለን። ጨዋታው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። እሱ ታሪኩን ይመራል፤ እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘን ምን እንደምናደርግ እንናገራለን፤ መሳካት አለመሳካቱን የምንወረውረው ዳይስ ይወስናል። ገጸ ባሕርይ ሲፈጠር ዘርና ሙያ ይመረጣል። «ዘር» የሚለውን በዚህ ዘመን ማንም ስላልወደደው «ወገን» አልነው።

ሰው፣ ድንክ፣ ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ቄስ፣ ቀጥቃጭ፤ ምርጫው ብዙ ነበር፤ የኛዎቹ ተጫዋቾች ግን በወገን ሁሉም ሰው፣ በሙያ ሁሉም ተዋጊ ሆኑ። አስማተኛው ጠንቋይ መሰላቸው። የቄስ ነገር ሲነሣ፣ ዲያቆን የሆነው የታሪክ መምህር በክህነት አይቀለድም ብሎ ዘጋው። የብረት ቀጥቃጩ ድንክ ሥዕል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ደግሞ፣ «ይሄማ ገና መንገድ ሳንጀምር ይበላናል» አለ ዲያቆኑ። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላልና ሁሉም ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ።

አባቴ እብናት ገጠር ማረሻ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነው። የማስተምርባት ደብረ ታቦር ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እኔ ብቻ ሳልመርጥ ቀረሁ። «ሰው፣ ተዋጊ» ብዬ መገላገል እችል ነበር። ግን ፈተና ሳርም፣ ታክሲ ስጠብቅ፣ ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ያ ድንክ መዶሻውን ይዞ ይመጣብኛል። ልቅር እላለሁ፤ ቅዳሜ ሲደርስ እግሬ ይወስደኛል።

አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ፣ በጨዋታው ውስጥ የዲያቆኑ ሰይፍ ድንጋይ ላይ ተሰበረ። የሚጠግን የለም፤ ሁሉም ተዋጊ ነው። መሪያችን ወደ እኔ ዞሮ ዛሬም ተመልካች እንደሆንኩ ጠየቀኝ።

«ድንኩን እይዛለሁ» አልኩ።

«እንግዲያ ክታብ ልሰር» አለ ዲያቆኑ እየሳቀ።

«እሰር። አባቴም ቀጥቃጭ ነው።»

የሳቀ የለም። ከተጫዋቾቹ አንዷ ሻይዋን ማማሰል ጀመረች፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

ከሌላ አገር የመጣው መሪያችን የቡዳው ነገር የገባው አይመስለኝም። ድንኩ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀኝ። ወደ ዲያቆኑ ተዋጊ ሄዶ የተሰበረውን ሰይፍ አምጣ ይለዋል አልኩ። በጨዋታው ሕግ ባለቤቱ ካልሰጠ አይጠገንም። ሁላችንም ዲያቆኑን ጠበቅነው። ገጸ ባሕርዩ የተጻፈበትን ወረቀት አጠፈው፣ ዘረጋው፣ መልሶ አጠፈው።

«እሰጠዋለሁ» አለ በመጨረሻ፣ ጠረጴዛውን እያየ።

ሰይፉ መጠገን አለመጠገኑን የሚወስነውን ዳይስ የመወርወሩ ተራ የኔ ነበር። ዲያቆኑ ቀና ብሎ እስኪያየኝ ሳልወረውር መዳፌ ውስጥ ያዝኩት።