ያልታጨደው ሣር

ባለፈው የፀደይ ወራት ለሥራ ወደ ደቡብ ለንደን ዳርቻ ሄጄ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ከፌርማታው ጀርባ ካለው የቁጥቋጦ አጥር ወዲያ ሰንሰለት ሲንቃጨል ሰማሁ። አጭር ድምፅ ነው፤ ብዙ ቁልፍ የታሰረበት ቀለበት ብረት ላይ የተወረወረ ይመስላል። ከድምፁ ጋር የእርጥብ ሣር ሽታ መጣ። ሳላስበው ወደ እግሬ ተመለከትኩ። የቆምኩት አስፋልት ላይ ነበር። አስፋልት መሆኑን ደጋግሜ እስካረጋግጥ ድረስ ግን ልቤ አልረጋም።

ድምፁ የዲስክ ጎልፍ ነው። ዝርግ የፕላስቲክ ዲስክ ከመነሻው ትወረውራለህ፤ ከወደቀበት አንሥተህ እንደገና ትወረውራለህ፤ መድረሻው ምሰሶ ላይ የቆመ የብረት ቅርጫት ነው። ከቅርጫቱ በላይ የተንጠለጠሉት ሰንሰለቶች ዲስኩን ይዘው ወደ ውስጥ ይጥሉታል። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። በልጅነቴ የተጫወትኩበት መናፈሻ ለጀማሪ ተብሎ የተሠራ ነበር፤ ዘጠኝ ቅርጫት ብቻ፣ ሁሉም አጫጭር፣ ሁሉም ከመነሻው የሚታዩ። ጋሽ ክፍሎም የወደዱትም ለዚህ ነው።

ጋሽ ክፍሎም ኬኒንግተን በምንኖርበት የማዘጋጃ ቤት የኪራይ ሕንፃ፣ ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ ኤርትራዊ ጎረቤታችን ነበሩ። አስመራ በአማርኛ የተማሩ ናቸው። አማርኛቸው ከአገራቸው በወጡበት ዘመን ላይ ቆሞ ስለቀረ ሱፐርማርኬቱን "ሸቀጣ ሸቀጥ"፣ ሊፍቱን "አሳንሰር" ይሉ ነበር። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ፓርክ ሮያል፣ የሳንድዊች ፋብሪካ ትገባለች፤ እኔን ይዘው የሚውሉት እሳቸው ነበሩ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ቡናማ ኮታቸው የጉንፋን ቅባትና የሚንት ከረሜላ ይሸታል። የጫማቸው ሶል ወፍራም ነው፤ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጥረው ጫፉን ወደ ውስጥ ይከቱታል።

መዝናኛችን አውቶቡስ ነበር። ከኬኒንግተን ተነሥተን በብሪክስተን በኩል እስከ መጨረሻው ፌርማታ እንሄዳለን። እኔ ፎቁ ላይ መውጣት እፈልጋለሁ፤ እሳቸው ግን ከሹፌሩ ጀርባ ካልተቀመጡ አይሆንላቸውም። ሹፌሩ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በድንገት ሲረግጥ፣

"እየው፣ እየው! ድንች የጫነ መስሎታል" ይሉኛል በሹክሹክታ።

"እርስዎ ቢነዱት ይሻል ነበር፣ ጋሽ?"

"እኔ ብነዳውማ አንተ እስካሁን እንቅልፍ ወስዶህ ነበር።"

ራሳቸው ሹፌር ነበሩ። በጦርነቱ ዘመን ከአስመራ ወደ ቆላው እህል የሚጭን ትልቅ መኪና ይነዱ ነበር። መንገዱ ዳርና ዳሩ ፈንጂ የተቀበረበት ስለነበር፣ የዚያ ዘመን ሹፌሮች ከፊታቸው ያለፈው መኪና ጎማ ከረገጠው መስመር አይወጡም፤ ከመኪናው ሲወርዱም ጎማው ባለፈበት ላይ ብቻ ነው የሚቆሙት። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ ካልሲ እያጣጠፈች፣ እንደ ተረት። እኔም እንደ ተረት ሰምቼ ተውኩት።

መናፈሻው የመጨረሻው ፌርማታ አጠገብ ነው። ካፌው ዲስክ ያውሳል። መጀመሪያ የሄድን ቀን ጋሽ ክፍሎም ሜዳውን ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩት። ሣሩ እንደ ጠጉር ተከርክሟል፤ ከመነሻው እስከ ቅርጫቱ ድረስ የሰው እግር ያልረገጠው ቦታ የለም።

"ይሄ ጥሩ ነው" አሉ። "መንገዱ የታወቀ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜያችን እዚያ ሆነ። አወራወራቸው እንደ አነዳዳቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ዝግ ያለ፣ አጭር፣ ቀጥ ያለ። ለማሸነፍ ብለው ወርውረው አያውቁም። ዲስካቸው ከታጨደው ሣር እንዳይወጣ ነበር ጭንቀታቸው ሁሉ።

ከስድስተኛው ቅርጫት በስተግራ ሳይታጨድ የተተወ ሰፊ ሣር ነበር። ለንቦችና ለቢራቢሮዎች ተብሎ እንደተተወ የሚናገር ሰሌዳ ቆሞበታል። ሣሩ እስከ ደረቴ ይደርሳል፤ ውስጥ ውስጡን እሾህ በቅሎበታል። አንድ ቀን ዲስኬን ነፋስ ገፋውና እዚያ ከተተው። ሩቅ አልሄደም፤ ቀይ ጠርዙ በሣሩ መካከል ይታየኛል። ላነሣው ስሮጥ፣

"ቁም!"

እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም። ውሻ ይዞ የሚያልፍ ሰውዬ ቆመ፤ ውሻውም ቆመ። ጋሽ ክፍሎም ዲስኩን ያዩት እኔ እንደማየው አልነበረም። እሳቸው ያዩት ክብ ነገር ነው፤ ግማሹ አፈር ውስጥ የገባ፣ ሣር የሸፈነው ክብ ነገር። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ጋሽ፣ ዲስኬ እኮ ነው!"

"ተወው። ይቅር። ሌላ እናመጣለን።"

የካፌዋ ሴትዮ "ሣሩ ውስጥ ከሆነ ገብታችሁ አውጡት እንጂ!" ብትላቸው፣ "ኖ፣ ማዳም። ፊኒሽ" ብለዋት ወጡ። በዚያን ቀን የፈራሁት እሳቸውን ነበር። ሣሩን መፍራት የጀመርኩት በኋላ ነው።

በሌላ ቅዳሜ ነው፤ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነበር፤ ገና ከሰዓት በኋላ ሳለ ብርሃኑ መሳሳት ጀምሯል። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ሽንቴ መጣ። ካፌው ሩቅ ነው። ለጋሽ ክፍሎም ነገርኳቸው።

"እዚሁ፣ ዛፉ ሥር" አሉኝ፣ የታጨደው ሣር ዳር ያለውን ዛፍ እያሳዩኝ። "ፊቴን አዞራለሁ።"

"ሰው አለ።"

ከኋላችን ሁለት ልጃገረዶች ከእናታቸው ጋር እየተጫወቱ ይመጡ ነበር። አንደኛዋ እኩያዬ ናት።

"እነሱስ አይሸኑም?" አሉና ሳቁ። ከዚያ ዲስካቸውን ለመወርወር ዞሩ።

እኔ ግን አፈርኩ። ክንዳቸውን ወደ ኋላ ሲስቡ ጠብቄ ረጅሙ ሣር ውስጥ ገባሁ፤ ከልጆቹ ዐይን እስክሰወር ድረስ ሄድኩ። ሸንቼ ዞር ስል ቀኝ እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ የቀበሮ ይሁን የጥንቸል አላውቅም። ወደቅሁ። እግሬን ልስብ ስል አንድ ቀጭን ነገር ቁርጭምጭሚቴን ጨምድዶ ያዘኝ።

"ጋሽ!"

ሮጠው ሲመጡ በሣሩ መካከል አሻግሬ አየኋቸው። የጫማቸው ጫፍ የታጨደው ሣር ከሚያልቅበት መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። አንድ እግራቸውን አነሡ፤ መልሰው እዚያው አኖሩት።

"አትንቀሳቀስ! እግርህን የያዘህ ምንድን ነው?"

"አላውቅም። ሽቦ መሰለኝ።"

ይህን ስላቸው የሆኑትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሁለት መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ቀሩ።

"እንዳትስበው። በእግዚአብሔር፣ ወደይ፣ እንዳትስበው።"

ወደይ "ልጄ" ማለት ነው፤ ሲጨንቃቸው ትግርኛው ይቀድማቸዋል።

ፍርሃታቸው ወደ እኔ የተሻገረው ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ እግሬ ብቻ ነበር ያመመኝ። አሁን ግን እጆቼ የተደገፉበት አፈር፣ አንገቴን የሚነካኝ ሣር፣ ሁሉም አንድ ነገር የደበቀ መሰለኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም። ትልቅ ሰው የሚፈራው ነገር መሆኑ በቂ ነበር። ነፋስ ሣሩን ባወዛወዘው ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። ልጃገረዶቹና እናታቸው እኛን አልፈው ሄደዋል፤ ሳቃቸው ከሩቅ ይሰማል፣ ሰንሰለቱ ይንቃጨላል። ቆይቶ ሳቃቸውም ጠፋ። ጋሽ ክፍሎም ግራ ቀኝ ቃኙ። የሚጠራ ሰው አልነበረም።

"አንተ ልጅ" አሉኝ በመጨረሻ። ድምፃቸው እንደ መምህር ዝግ ብሎ ነበር። "በየት ገባህ? የረገጥከውን ሁሉ ንገረኝ። ሳትቸኩል።"

"ከዛፉ ግራ… ቢጫ አበባ ካለበት።"

"አየሁት። ከዚያስ?"

"የተሰበረ ቅርንጫፍ አለ። ረግጬዋለሁ።"

"በላዩ ነው በጎኑ?"

"በላዩ። ከዚያ የቺፕስ ላስቲክ ወድቋል፣ ሰማያዊ። በስተቀኙ አለፍኩ።"

እኔ ስነግራቸው እሳቸው መጡ። እግራቸውን ከማሳረፋቸው በፊት በጫማቸው ጫፍ አፈሩን ዳበስ ያደርጉታል። እሾህ ኮታቸውን ሲይዘው አይጎትቱትም፤ ቆመው፣ ጎንበስ ብለው፣ ቀስ አድርገው ያላቅቁታል። ብርድ ነበር፤ ላብ ግን ከግንባራቸው ይወርዳል።

"ከላስቲኩ ወዲህ?"

ከዚያ ወዲህ ያለው ጠፋኝ።

"ወደይ፣ ከላስቲኩ ወዲህ የት ረገጥክ?"

"አላውቅም!" ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

"አታልቅስ፤ ኣጆኻ፣ አይዞህ። ዐይንህን ጨፍን። ሽንትህ መጥቷል፤ እየቸኮልክ ነው። እግርህን ምን ነካው?"

ጨፈንኩ። "እርጥብ ነገር… ካልሲዬ ረጠበ። ውሃ ያቆረ ቦታ አለ። ዘለልኩት።"

"በየትኛው እግር አረፍክ?"

"በግራ። ጉቶው አጠገብ።"

ውሃውን አዩት፤ ጉቶውን አዩት። ከንፈራቸው ሳያቋርጥ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጸሎት መሆኑ የገባኝ ሲያማትቡ ነው። ከዚያ ያ ሽማግሌ ሰውዬ ዘለሉ።

አጠገቤ ተንበረከኩ። እግሬን አልሳቡትም። ሣሩን በጣታቸው ጫፍ ለየት ለየት እያደረጉ ገለጡት፤ ሽቦውን ሳይነኩ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በዐይናቸው ተከተሉት። ያረጀ የአጥር ሽቦ ነበር፤ ጫፉ ላይ የበሰበሰ እንጨት እንጂ ሌላ ምንም የለውም። ለንደን ውስጥ ፈንጂ እንደሌለ ጠፍቷቸው አይደለም። እሳቸው ለንደን ከመጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እግራቸው ግን ገና አልመጣም ነበር።

አዘሉኝ። የሰባተኛው ቅርጫት የታጨደ ሣር በወዲያ በኩል እጅግ ቅርብ ነበር።

"ጋሽ፣ በዚያ ይቀርባል።"

"በዚያ አልመጣህም" አሉኝ።

በጉቶው፣ በውሃው፣ በላስቲኩ፣ በቅርንጫፉ፣ በአበባው አድርገን ወጣን። ውሃውን እኔን እንዳዘሉ ሲዘሉት ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሰማሁ።

አውቶቡስ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጥን። ሹፌሩን አልተቹትም። ብሪክስተን ስንደርስ ወደ መስኮቱ እያዩ ጀመሩ።

"ረዳት ነበረኝ፤ መሐሪ የሚባል። ካንተ ትንሽ ከፍ ይላል። አንድ ቀን ጭነቱ ላይ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች አሳፍረናል። እኛ ሹፌሮች ሽንታችንን ጎማው ላይ ነው የምንሸናው፤ ከዚያ ፈቀቅ ማለት የለም፤ ሕግ ነው። እሱ ሴቶቹን አፈረ። 'አይዞህ፣ ዐይናችንን ጨፍነናል' አሉት ከላይ ሆነው። 'ምን አለህና ነው የምትደብቀው?' አሉት። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እሱ ከመንገዱ ፈቀቅ አለ።"

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

"ሳቃችን አላለቀም ነበር።"

ሌላ አልጨመሩም። ስምንት ዓመቴ ቢሆንም ሌላ አላስፈለገኝም።

ቤት ስንደርስ እናቴ ከሥራ ገብታ ነበር። ቁርጭምጭሚቴን አየች። ጋሽ ክፍሎም ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ምንም ሳይደብቁ፣ እግራቸው እንዴት አልታዘዝ እንዳላቸው ጭምር ነገሯት።

"ከእንግዲህ ልጅሽን ባትሰጪኝ አልቀየምሽም" አሏት።

እናቴን አየኋት። ያን ቀን ከፈራሁት ሁሉ የባሰው ይህ ነበር፤ ከሣሩም ከሽቦውም የባሰ። እናቴ በእሾህ የተቦጫጨቀውን ኮታቸውን ታይ ነበር።

"ያውልቁት፣ ልስፋልዎት" አለች። "ደግሞ ቅዳሜ ቀደም ብለው ይምጡ፣ ጋሽ ክፍሎም። ሺፍቴ ተቀይሯል።"

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ተጫወትን። ረጅሙን ሣር አልገባንበትም፤ የገባ ዲስክ ካለ ተሰናብተነዋል። እኔ ለንደን ተወልጄ፣ ጦርነት በዐይኔ ሳላይ፣ ያልታጨደ ሣር አጠገብ ስደርስ እስከ ዛሬ እግሬ ይከብደኛል። የማላውቀው ቦታ ስገባም የረገጥኩትን እይዛለሁ፤ የበሩን ቀለም፣ የተሰነጠቀውን የወለል ንጣፍ፣ የትኛው ጥግ ላይ ምን እንደወደቀ። ሰው ዝምተኛ ነው ይለኛል። እኔ መንገድ እየያዝኩ ነው።

ካቻምና በብርዱ ወራት ጋሽ ክፍሎም ሆስፒታል ተኙ። ስጠይቃቸው ሴት ልጃቸው ከማንችስተር መጥታ አጠገባቸው ነበረች፤ ሻይ ላምጣልህ ብላ ወጣች። ዐይናቸው ተከድኗል። እጃቸውን ስይዘው አወቁኝ።

"በየት መጣህ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። በዋናው በር፣ ከአበባ ሻጯ በስተግራ፤ ወለሉ ላይ የተሰመረውን አረንጓዴ መስመር ተከትዬ፤ አሳንሰሩ ስለተበላሸ በደረጃው፤ ከዚያ መስኮቱ በቴፕ የተለጠፈበት ረጅም ኮሪደር።

"ከኮሪደሩ ወዲህስ?"

"በግራ ታጠፍኩ። ባዶ ተሽከርካሪ ወንበር ከቆመበት።"

መንገዱን በልባቸው እየሄዱበት መሰለኝ።

"እንግዲያ ስትመለስም በዚያው ነው" አሉኝ።

በሕይወት ያየኋቸው የመጨረሻ ቀን ይህ ነው። ስወጣ አንዲት ነርስ ከክፍሉ ፊት ለፊት ያለ ሌላ ሊፍት አሳየችኝ፤ በቀጥታ ደጅ ያወርድሃል አለችኝ። አመሰገንኳት። ከዚያ በተሽከርካሪ ወንበሩ በኩል ወደ ረጅሙ ኮሪደር ታጠፍኩ።