ቀጤ ማንን አሸነፈች?

ሰዉ ቀጤ የሚላት፣ የምታጥፈው አንሶላ ጠርዙ እንደተወጠረ ክር ቀጥ ስለሚል ነው። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እንፋሎት ሲመታት ነው ፀጉሯ የሸበተው። አንሶላ ደግሞ ለብቻ አይታጠፍም፤ አንዱን ጫፍ እሷ ትይዛለች፣ ሌላውን ሳቂታዋ ባልደረባዋ። ሁለቱ ሲያጥፉ ወሬያቸው ከአንሶላው ይረዝማል፤ እዚያ ክፍል ያልታማ ሐኪም የለም።

ታዲያ አለቆቹን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ የዓመቱ ጎበዝ ሠራተኛ ብለው ለቀጤ ብቻ ዋንጫ ሰጡ። አዳራሹ ሲያጨበጭብ ሳቂታዋ ጀርባዋን ሰጥታ ውልቅ አለች። ከዚያ ወዲህ ሥራም አልመጣች።

ቀጤ ዋንጫውን ታቅፋ፣ እንግሊዝኛ ያስተምሩ ወደነበሩት ጎረቤቷ ሄደች።

«ጋሼ፣ ከሥሩ ምን ብለው ነው የጻፉብኝ?»

«ትሮፊ ይላል። ያው የአሸናፊ ሽልማት ማለት ነው» አሏት። እዚያ ላይ ቢያበቁ ምን ነበረበት። ጋሼ ግን አንዴ ከጀመሩ ማን ያቆማቸዋል። «ቃሉ ሥሩ ግሪክ ነው፤ ከመዞር የመጣ ነው። ጥንት ጦር ሜዳ ላይ ጠላት ዞሮ የሸሸባት ቦታ፣ አሸናፊው የማረከውን ጋሻና ጦር እንጨት ላይ ይሰቅል ነበር። ትሮፊ የተባለው እሱ ነው።»

«እኔ ማንን አባረርኩ፣ ጋሼ?»

«ኧረ የድሮውን ነው የምነግርሽ፤ አሁን እንዲያ ማለት አይደለም።»

አይደለም ቢሏት ምን ዋጋ አለው፣ ነገሩ አንዴ ሆዷ ገብቷል። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር የሳቂታዋ ጀርባ ይመጣባታል። ዋንጫውን ቁም ሳጥን ላይ ብታቆመው የሰው ዕቃ የሰቀለች መሰላት፤ አልጋ ሥር ብትከተው ደግሞ የሰረቀች መሰላት። ሲጨንቃት በፎጣ ጠቅልላው ሄዳ የሳቂታዋ ቤት በር ላይ ቆመች።

«ምን ልታሳዪኝ ነው?» አለቻት ሳቂታዋ፣ በሩን በትከሻዋ ይዛ።

«ውሰጂው፣ እህቴ። የሸሸ ሰው ዕቃ ነው አሉኝ።»

«ማነው የሸሸው? እኔ ጥርሴን አሞኝ ነው የወጣሁት» አለችና ቀኝ ጉንጯን ያዘች።

«ይሄን ሁሉ ቀን?»

«ታዲያስ፤ ሲጠዘጥዘኝ ነው የከረመው» አለች፤ አሁን ግራውን ይዛለች።

የጥርስ ሕመም እንዲህ ከጉንጭ ጉንጭ ሲሻገር ታይቶም አይታወቅ። ቀጤም አይታለች። ዋንጫውን እንደታቀፈች ልትመለስ ዞር አለች።

«ቆይ እስቲ» አለች ሳቂታዋ፣ በሩን ሳትዘጋ። «እኔ ከወጣሁ በኋላ ማን ምን አለ?»

ቀጤ ገባች። ማን ሸሸ፣ ማን አሸነፈ፣ እስከ ዛሬም አልገባት፤ ወሬው ግን እስኪመሽ አላለቀም።