ታላቅ በመሆኑ የከበደበት ቅጣት

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ስለ ታሰረ ወንድሙ በኩራት የሚያወራ ሰው ብዙ ስለማይገኝ እኔ ላውራ ብዬ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ኤርሚያስ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከሁለት የሰፈራችን ልጆች ጋር ከሾኔ ወደ ሆሳዕና ድንች ጭነው ሲመጡ ከድንቹ ሥር ካናቢስ ተገኘባቸው። ጥፋተኛ ነው፤ እያወቀ ገባበት። አንክድም። ያንገበገበን "የወንጀል አድማው መሪ ነው" ተብሎ ቅጣቱ ከሁለቱ ይልቅ መክበዱ ነው።

መሪ ያሰኘው አፉ ነበር። እኛ ጋ ታላቅ ካለ ታናሽ ቀድሞ አይናገርም። ፖሊስ ሲጠይቅም፣ ዳኛ ሲጠይቅም ሁለቱ ዝም ይላሉ፣ እሱ ይመልሳል። ታላቅነቱ እንደ አለቃነት ተቆጠረበት።

ሦስቱም ይግባኝ አሉ። ሊጠይቁት የሄዱ ዘመዶች "ጭነቱን አላውቅም በል" ብለው መከሩት።

"አውቅ ነበር፤ እንዴት አላውቅም እላለሁ? አለቃ ግን አልነበርኩም" አላቸው።

በጣም ተናደድኩበት። ግትር ብዬ ሰደብኩት።

በቀጠሮው ቀን ሰብሳቢ ዳኛው "ዕቃውን ያስጫነው ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። የሦስቱ ታናሽ ደሳለኝ እንደ ልማዱ ወደ ወንድሜ ዞረ። ወንድሜ "ተናገር" በሚል ራሱን ነቀነቀለት።

"አሁንም እሱ ነው የሚያዝህ?" አሉ ዳኛው። አለቀልን አልኩ።

"አያዙኝም፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ታላቃችን ስለሆኑ ነው" አለ ደሳለኝ። "እናንተም ሦስት ሆናችሁ ተቀምጣችኋል፤ እርስዎ ሲናገሩ ሁለቱ ዝም ብለዋል። ከባለ ዕቃዎቹ ጋር የተነጋገርኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ኤርሚያስ መኪናውን ነዱ እንጂ እኛን አላዘዙም።"

ችሎቱ በሳቅ ሞላ። ዳኛው ራሳቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እኔ ግን አለቀስኩ። ይህ ልጅ ዝም ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር፤ ለራሱም መፍራት ይችል ነበር።

በውሳኔው "መሪ" የሚለው የቅጣት ማክበጃ ተነሣለትና የወንድሜ ቅጣት ቀነሰ። እንኳን ምክራችንን አልሰማ! ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ የደሳለኝን እውነት ማን ያምን ነበር?

ወንድሜም ደሳለኝም እስካሁን እስር ቤት ናቸው። ሥራቸው ያሳፍረኛል፤ እነሱ ግን ያኮሩኛል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ለሁለቱም ስንቅ ቋጥሬ እሄዳለሁ። በር ላይ ያለው ፖሊስ "ደሳለኝ ደግሞ ምንሽ ነው?" ሲለኝ፣ "ታናሽ ወንድሜ" እለዋለሁ።