የተሸፈነው ቁጥር

ዎበ የቁራጭ ወረቀት ዳር በመቀስ አስተካክሎ በኮምፒውተሩ ስክሪን ግርጌ ላይ ይለጥፋል። ጣቶቹ የወተት ፋብሪካ ሠራተኛ ጣቶች ናቸው፤ ወፍራም ቢሆኑም ለጥቃቅን ነገር ትዕግሥት አላቸው። እኔ እህቱ ምሳችንን እየጠቀለልኩ ነበር። ምን እንደሚሸፍን አውቅ ነበር። የጫማ ሰፊውን ደረሰኝ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት፤ ሲመለስ ለጥገና የሰጠሁትን ጫማዬን እንዲያመጣልኝ።

የሚሸፍነው ቁጥር ነው፤ የፍጥነት ቁጥር። በአሥራ አንድ ክረምት የሠራት የቼዝ ማሽን በሰከንድ ስምንት ሺህ አቀማመጥ ትመረምር ነበር። ወደ ስኔክ ከተማ አዳራሽ በየዓመቱ ለማሽኖች የቼዝ ውድድር ከሚመጡት ሁሉ ፈጣኗ እሷ ነበረች። ሆኖም የሒሳብ መምህር የሆነው ኾቨርት አንድ ሺህ ብቻ በምታይ ማሽኑ ሁልጊዜ ያሸንፈዋል። የኾቨርት ማሽን የማይረባውን መንገድ ገና ከጅምሩ ትታ የቀረውን ሩቅ ድረስ ትከተላለች። ዘንድሮ ዎበም የራሱን እንዲሁ አስተማራት። የቱን ልተው እያለች ማመዛዘኗ ጊዜ ስለሚበላ ፍጥነቷ ወደ ሁለት ሺህ ወረደ። አርቃ ታያለች፤ እሱ ግን በቁጥሩ አፈረ። ኾቨርትን አንድ ጊዜ እንኳ ሳላሸንፍ ጡረታ ልወጣ ነው ይለኝ ነበር።

በዚያው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሁለቱ አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ኾቨርት ወረቀቱን አየና፣ «ምነው፣ ማሽንህን ጥርሷን አመማት እንዴ? አገጯን ጠቅልለሃታል» አለው። ዎበ በርዷት ነው ብሎ መለሰ።

እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ የዎበ ማሽን በለጠች። ደስ ሲለው ጆሮው ይቀላል፤ ቀላ። ከዚያ ዎበ አንድ ነገር አየ። ፈረሱን ከኾቨርት ንጉሥ አጠገብ ቢሠዋ ጨዋታው በእሱ አሸናፊነት ያልቃል። ማሽኗ ግን ፈረስ በነጻ መስጠት የማይረባ መንገድ መስሏት ሳትመረምረው ትታዋለች፤ ወታደር ግፋ አለችው። ደንቡ የታወቀ ነው፣ እጁ የሰው ቢሆንም ሐሳቡ የማሽኗ ነው። እጁ ከፈረሱ በላይ ትንሽ ቆየ። ወታደሩን ገፋ።

እኩል ለእኩል ወጡ።

ኾቨርት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፈረሱን አይተኸው ነበር» አለ።

«አይቼዋለሁ።»

«እኔም አይቼው አላበኝ» አለ ኾቨርት።

ዎበ ወረቀቱን ቀስ ብሎ ላጠው። ኾቨርት ቁጥሩን አነበበና፣ «እንኳን ወደ እኛ ወደ ቀርፋፎቹ በሰላም መጣህ። ግን መንገዱን አብዝተህ ቆርጠሃል፤ ንጉሥ አጠገብ ስትደርስ መቀሱን አስቀምጥ» አለው።

እኔ አዳራሹ ውስጥ ኩባያ ለማጠብ ቀረሁ፤ ዎበ በብስክሌቱ ቀድሞኝ ሄደ። ቤት ስደርስ ኮቱን ሳያወልቅ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ፈረስና ንጉሥ ይሥላል። የሚሥለው በጫማ ሰፊው ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት በጎማ ቦቲ ነው።