ቆራሌው ያልወሰዳቸው ኮምፒውተሮች

ባለፈው ሳምንት ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ጀርባቸው እንደ ቅል ያበጠ አሮጌ የኮምፒውተር ስክሪኖች የጫነ ጋሪ አጠገቤ አለፈ። ባጃጁ መጥቶ ጥሩምባውን ሲነፋ እንኳ አልሰማሁትም።

የእናቴ ወንድም አጎቴ ሰይድ እዚያው ፔዳ አጠገብ በተከራያት ክፍል የኮምፒውተር ጽሕፈት ያስተምር ነበር። ልጅ አልነበረውምና ሊሞት ሲል «ዕቃዎቹ ለእኅቴ ልጅ ለዘይነባ» ብሎ ተናዘዘልኝ። እኔ ያኔ ገና ሃያዎቹን የጀመርሁ ልጅ ነበርሁ። ማሽኖቹ ግን ያን ጊዜም ያረጁ ነበሩ፤ እስኪነሡ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል፣ ከተነሡም እንደ ወፍጮ ያጓራሉ።

ለቅሶው እንዳበቃ አባቴ ቆራሌ ይዞ መጣ። አባቴ ሐይቅ ዳር ጀልባ ሠሪ ነበር።

«ልጄ፣ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው። ይሸጥና አርፈሽ ትዳርሽን ያዢ።»

«አባየ፣ እርስዎ የአያቴን መጥረቢያ ለምን አልሸጡትም?»

«እሱማ ይሠራል!»

«እነዚህም ይሠራሉ።»

ቆራሌው እጁን ሲሰድ በሩን ዘግቼ ቆምሁ። አባቴ ተቆጥቶ ሄደ፤ ክረምቱን ሙሉም አላነጋገረኝ።

የፔዳ ተማሪዎች «ሙዚየም ልትከፍቺ ነው?» እያሉ ሳቁብኝ። እኔም ማሽኖቹን ጭድ ላይ አስተኝቼ በአይሱዙ ወደ ትንሿ የገበያ ከተማ ወደ ሐሙሲት ጫንኋቸው። መንገዱ ጭቃ፣ ዳሩ የበቆሎ እሸት ጥብስ ይሸታል። ከአንድ ሻይ ቤት ጓሮ ክፍል ተከራየሁ። ፈተና ወድቀው ባል እንዲጠብቁ የተነገራቸው ልጃገረዶች፣ መጀመሪያ በገበያ ቀን እየተሳሳቁ ብቅ አሉ፤ ኋላ በየቀኑ መምጣት ጀመሩ። መብራት ሲጠፋ ዓይናቸውን አስጨፍኜ በሞተው ኪቦርድ አለማምዳቸው ነበር። ጣት ብርሃን አይፈልግም።

መስከረም ላይ አባቴ የተጠበሰ አሣ በጨርቅ ቋጥሮ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ የልጃገረዶቹን የጣት ኳኳታ ብዙ ሰማ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

«አግዳሚው ይነቃነቃል» አለ በመጨረሻ፤ «ልጆቹን ይጥላቸዋል።»

በሚቀጥለው ገበያ ከጀልባ ጣውላ የሠራውን አግዳሚ ወንበር በአውቶቡስ ጣራ አስጭኖ መጣ።

ማሽኖቹ አንድ በአንድ እስኪሞቱ ድረስ ዓመታት አስተማርሁባቸው። ከልጆቹ ብዙዎቹ ጸሐፊ ሆነው እንጀራቸውን አገኙ። እኔም ያገባሁት በፈለግሁት ጊዜ፣ የፈለግሁትን ነው።

አሁን ፀጉሬ መሸበት ሲጀምር፣ «ጊዜው አለፈበት» ሲባል ዘወትር እሰማለሁ። ስለ ዕቃ ይሉታል፣ ስለ ሴት ይሉታል፣ ስለ ሽማግሌም ይሉታል። «ለማን ነው ያለፈው?» ብዬ እጠይቃለሁ።