ሱፍ አይረጋም

እህቴ ሱፍ ስታዘጋጅ ያየ ሰው ላም ለምን እንደተፈጠረች ግራ ይገባዋል። ይህን ለማድነቅ ነው የምለው፤ ከሆነው ሁሉ በኋላም ቢሆን እጇን አልክድም። ከሐርቡ የሚመጣውን ሱፍ ትለቅማለች፣ ታጥባለች፣ በብረት ምጣድ ላይ ለብ ለብ አድርጋ ታምሰዋለች። ከዚያ በሙቀጫ ወቅጣ ገለባውን በወንፊት ትለየዋለች። የቀረውን ልም በሞቀ ውሃ አሽታ በስስ ጨርቅ ስትጠልለው የሚወርደው ነጭ ነገር ከወተት አይለይም። ዝንጅብልና ቀረፋ ትጨምርበትና ደከም ባለ ከሰል ላይ ትጥደዋለች፤ ማማሰያዋን ይዛ ከአጠገቡ ንቅንቅ አትልም። ሱፍ ይሞቃል እንጂ አይፈላም። ከፈላ ይቋጠራል፣ የዋለችበት ሥራ ሁሉ ገደል ይገባል።

እናታችን ስትሞት እኔ ገና ትንሽ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ደሴ ሆጤ በነበረው ቤታችን ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ያንን ትኩስ ሱፍ በብርጭቆ ይዤ እጄን አሞቅ ነበር። እትዬ የሰጠችኝን ነገር ምንድን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ማን የገዛ እናቱን ይጠይቃል?

አድጌ፣ አግብቼ ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባሁ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱም ጊዜ አስወረደኝ። በሦስተኛው ግን ሆዴ መግፋት ጀመረ፤ እኔም ተሳልኩ። "እመቤቴ፣ ይህን ካቆየሽልኝ ሁዳዴን ጥሉላት በአፌ ሳይዞር እጨርሳለሁ" አልኳት። ሥጋም ሆነ ወተት፣ ቅቤም ሆነ እንቁላል፣ አንዲት ጠብታ አልነካም ማለቴ ነው። ያለኝ ሀብት ይኸው ብቻ ነበር። ሐኪም ቤቱ የሰጠኝ ክኒን ነው፤ ለዚያ ልጅ እኔ ራሴ የማደርግለት ነገር ግን ጾሙ ነበር።

ደሴ ያሉት የነፍስ አባታችን ስለቱን ሲሰሙ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ። "ልጄ፣ ነፍሰ ጡር እኮ ግዴታ የለባትም" አሉኝ።

"አውቃለሁ አባ። ስለት ነው።"

"እንግዲያው ሰዓቱን አትጹሚ፣ ጠዋት ቅመሺ። ከጥሉላቱ ከቻልሽ ተከልከይ" አሉና ባረኩኝ። እችላለሁ ብዬ እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ጾሙ ሲገባ እህቴ ጨርቋን ጠቅልላ እኔ ዘንድ ወረደች። ሙቀቱን እያማረረች፣ የኮምቦልቻ ትንኝ ደሟን እንደጨረሰው እየተናገረች፣ ግን አንድም ቀን ልመለስ ሳትል ቤቴን ያዘችው። ሐኪሙ ደሜ ማነሱን ነግሮኝ ቡናና ሻይ ተይ ብሎኝ ነበር፤ ከምግብና ከክኒኑ የሚገኘውን ጥቅም ይከለክላሉ ነው ያለው። እሷም ይህን ስትሰማ ደስ አላት። "ሱፍ እያለ ሻይ ምን ይሠራል" ብላ ያንኑ ቀን ገበያ ወጣች። ከዚያ በኋላ በየማለዳው አንድ ፔርሙስ ትኩስ ሱፍ ሞልታ ትሰጠኝ ጀመር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሱፉ የማውቀው ሱፍ ነበር። ቆይቶ ግን ወፈረ፤ ከንፈር ላይ የሚቀር፣ የሚያጠግብ ሆነ። "እትዬ፣ ዛሬ ምን አደረግሽበት?" አልኳት።

"ለውዝ ነው። ቆልቼ አድቅቄ ጨመርኩበት።"

ለውዙንም አይቼዋለሁ። ስትቆላ ሽታው ያውደኝ ነበር፣ ሽፋኑን በመዳፏ አሽታ እፍ ስትል ፊት ለፊቷ ተቀምጬ አውርቻታለሁ። ደግሞ እውነትም ለውዝ ነበረበት። ውሸት የሚጣፍጠው እንዲህ እውነት ሲቀላቀልበት ነው መሰለኝ። ጉንጬ ሞላ፣ እግሬ በረታ። ፋብሪካ ውስጥ ከጎኔ ያለው ማሽን ላይ ለምትሠራው ጓደኛዬ "የእህቴ ሱፍ ሰው አደረገኝ" እያልኩ እመጻደቅ ነበር። እሷ የከሚሴ ልጅ ናት፤ ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ስለተገናኙ ሁለታችንም ጾመኞች ነበርን። በእረፍት ሰዓት እኔ ብቻዬን ስጠጣ ፊቷን መለስ ታደርግልኛለች፣ እኔም ቶሎ ቶሎ እጎነጫለሁ።

አንድ ቅዳሜ ግማሹን ጠጥቼ ሳልጨርስ ሥራ አጣደፈኝ፣ ፔርሙሱን ልብስ መቀየሪያው ሳጥን ውስጥ ረስቼው ወጣሁ። ሰኞ በእረፍት ሰዓት ላጥበው ብዬ ከፈትኩት። የተበላሸ ሱፍ አውቃለሁ፤ ውሃው ለብቻው፣ ዝቃጩ ለብቻው ይሆንና ይከረፋል። ፔርሙሱን በማጠቢያው ላይ ስዘቀዝቀው ግን አልፈሰሰም። መታ መታ ሳደርገው እየተቆረሰ፣ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ጠብ ጠብ አለ፤ ሽታውም ወዲያው ክፍሉን ሞላው።

የከሚሴዋ ጠጋ ብላ አየችው። "ይሄማ እርጎ ነው" አለች።

"ሱፍ ነው" አልኳት።

"ወላሂ እርጎ ነው። የናቴ ቤት እርጎ። ሱፍ መቼም አይረጋም እህቴ።"

መቅመስ አንችልም፤ እሷ በረመዳኗ እኔ በሁዳዴዬ፣ ሁለታችንም በአፍንጫችን ፈረድን። ሌሎቹም ሴቶች ዞር ዞር አሉ። ስንቱን ቀን "ስለት አለብኝ" እያልኩ የማይጾሙት የሚያቀርቡልኝን የእንቁላል ሳንድዊች ስመልስ ያዩኝ ናቸው። አንዷ ክርስቲያን ሆዴን አየት አድርጋ "ነፍሰ ጡር ናት እኮ፣ ይፈቀድላታል" አለች፣ በደግነት። ያቺ ደግነት ከስድብ በላይ ነበረች። በጾም ስም ወተት የምትጠጣ፣ ስትያዝ "ሱፍ ነው" የምትል ሴት ሆኜ ቆምኩ። ለማን ምን ልበል? እህቴ ናት ልበል? በዚያ ቅጽበት እንኳ እህቴን በሰው ፊት መክሰስ ከብዶኝ ፔርሙሱን አጠብኩ።

ቤት ስደርስ በር ላይ ተቀምጣ ሱፍ ትለቅማለች። "እትዬ፣ ፔርሙሱ ውስጥ የምታደርጊው ምንድን ነው?" አልኳት፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ።

ቀና አላለችም። "ሱፍና ለውዝ።"

"ረጋብኝ።"

ያኔ እጇ ቆመ። "ከጀርባ ካለችው ባለ ላም ነው የምገዛው፣ ንጹሕ ነው" አለች፤ የጠየቅኳት ስለ ንጽሕናው ይመስል።

"ስለቴን ታውቂያለሽ አይደል?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ሐኪሙ ደምሽ አልቋል ማለቱን ራስሽ ነግረሽኛል። ሁለት ጊዜ ስታስወርጂ ጨርቁን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንቺ ለስለትሽ፣ እኔ ላንቺ። ኃጢአቱን እኔ ወስጄዋለሁ፤ አባም ፈቅደዋል።"

የመጨረሻውን ቃል እንደዋዛ ነበር ያለችው። እኔ ግን ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ከዚያ፣ ምን አስቤ እንደሆነ እንጃ፣ "አንቺስ ከዚሁ ነው የምትጠጪው?" አልኳት።

ተገርማ አየችኝ። "እኔማ ጾመኛ ነኝ" አለች።

ሁለት ድስት ነበራት። አንዱ የእሷ፣ ንጹሕ ሱፍ። ሌላው የኔ። ያን ሁሉ ጠዋት አንዱ እንዳይነካ ከሌላው እያራቀች፣ ማማሰያውን እየለየች ሠርታለች። የራሷን ጾም እንደ ዓይኗ ብሌን ጠብቃ የኔን በየማለዳው ስትፈታው ከርማለች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ የሚያመው መውደቁ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚያመው ፈረሱ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ሣሩን መጋጡን መቀጠሉ ነው።

ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። "እኔ እኮ የምታውቂ መስሎኝ" አለኝ። የወተቱን ገንዘብ የሚልከው እሱ ነበር።

በማግስቱ አስፈቅጄ ደሴ ወጣሁ። ሚኒባሱ ዳገቱን እየተጠማዘዘ ሲወጣ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ፣ ለነፍስ አባቴ የምለውን አዘጋጅ ነበር። እህቴ ዋሽታለች፣ አባ ይህን አያደርጉም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር አገኘኋቸውና ሳላውቅ ጾሜ እንደፈረሰ ነገርኳቸው። አልደነገጡም።

"አንቺ ፋብሪካ በዋልሽበት አንድ ቀን እህትሽ እዚሁ ድረስ መጥታ አለቀሰችብኝ" አሉ። "ልጅቷ ትሞትብኛለች አለች። ምን ልበላት? ስጫት አልኳት። ባታውቀው ይሻላል፣ ካወቀች አትጠጣም ብዬም የመከርኳት እኔ ነኝ። ያላወቅሽው አይቆጠርብሽም ልጄ።"

"እኔንኮ እዚሁ ቆሜ ባርከውኝ ነበር አባ።"

"አዎ፣ ባርኬሽ ነበር።"

"ስለቱስ?"

"እግዚአብሔር ልብ ያያል። ስለትሽ ደርሷል።"

"በማን ጾም?"

መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። ንስሐ ይስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ ስግደትም ይሁን፣ ሌላ ጾምም ይሁን፣ የፈረሰውን የምጠግንበት ነገር። "ያለ ጥፋት ንስሐ የለም" አሉኝ። ትክክል ናቸው ይሆናል። እኔ ግን ባዶ እጄን ወረድኩ። ጥፋቱን እህቴ ወስዳዋለች፣ ፈቃዱን እሳቸው ሰጥተዋል፣ ገንዘቡን ባለቤቴ ከፍሏል፤ በገዛ ጾሜ ውስጥ ለኔ የቀረ ሥራ አልነበረም።

የቀረውን ጾም ሱፌን ራሴ ሠራሁ። ባበጠ እግሬ ቆሜ ወቀጥኩ፣ ጠለልኩ፣ ጣድኩ። ትዕግሥቱ ስለሌለኝ አስፈላሁት፤ ተቋጠረ። የተቋጠረውንና ውሃውን አብሬ ጠጣሁት። እህቴ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ማማሰያውን ልትቀበለኝ እጇን አንድ ጊዜ ዘርግታ መለሰችው። ቤቴን ጥላ አልሄደችም፣ እኔም ሂጂ አላልኳትም። ሆድ ይፍጀው ብዬ በአንድ ጣሪያ ሥር ከረምን።

ከፋሲካ በኋላ ሴት ልጅ ወለድኩ። ጤነኛ፣ ጮሃ የምታደነቁር። ጎረቤቱ እልል አለ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚል ሰው ቤቱን ሞላው፣ እህቴም ገንፎውን እያቀረበች የወተቱን ነገር ለእንግዳ ታጫውት ጀመር። እንዴት እንደደበቀችው፣ ለውዙን እንዴት እንደ ምስክር እንዳቆመችው፣ ፋብሪካ ውስጥ እንዴት እንደረጋብኝ። ሰው እስኪያለቅስ ሳቀ። እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ ፈገግ አልኩ፤ ምን ላድርግ? ልጄ ጡቴን ይዛለች። "ይኸው አይደለም እንዴ፣ ልጅሽ በሰላም ተወልዳ ምን ትያለሽ?" ይሉኛል።

ልጄ ባትተርፍ ኖሮ እህቴን መርገም እችል ነበር፤ ተረፈችና የምበሳጭበትን መብት ይዛብኝ መጣች። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስታዬ ሙሉ ሳለ እንዲህ አስቤ አውቃለሁ። ልጄን ስታቀፍ ከሁሉም በላይ የምፈልገው "ለዚህች እኔም የሆንኩላት ነገር አለ" ማለት ነበር። እህቴ "ያተረፍኳት እኔ ነኝ" ስትል ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ እንደዚያ የምልበት ነገር አልተውልኝም።

ባለፈው ሁዳዴ ከፍ ያለችውን ልጄን ይዤ እህቴ ወደ ተመለሰችበት ሆጤ ወጣሁ። ሰዓቱ ደርሶ እህል ቀምሰን ተቀምጠናል። እህቴ ሱፉን አሞቀች፣ ለልጄ ሰጠቻት፣ ለራሷ ቀዳች፣ ሦስተኛውን ብርጭቆ ይዛ አየችኝ። "ለኔ ውሃ ይበቃኛል እትዬ" አልኳት፣ ቤቷ በመጣሁ ቁጥር እንደምለው። ሌላ ጊዜ ዝም ብላ ውሃውን ትሰጠኛለች። ያን ቀን ግን ብርጭቆውን አስቀመጠችና ጆጉን አነሳች፤ ከውሃው ጥቂት መዳፏ ላይ አፍስሳ ፊት ለፊቴ ቀመሰችው። እንዲህ የሚደረገው ለእንግዳ ነው። የሚቀርብለት ነገር ምንም እንደሌለበት እንዲያይ፣ ቀጂዋ በመዳፏ ቀምሳ ታሳየዋለች። እህት ለእህቷ አትቀምስም።

ከዚያ ቀድታ በሁለት እጇ አቀበለችኝ። "አይ እትዬ፣ ይሄ ደግሞ ምን ያስፈልጋል" ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ላይም ደርሶ ነበር። ግን ውሃውን ስትቀምስ ዓይኔ ጉሮሮዋ ላይ ነበር። እስክትውጠው ጠብቄ ጠጣሁ።