ውሻ የሌለው ቤት

ዛሬ ጠዋት አንድ የቆሎ ተማሪ ዝናብ አሯሩጦት ደጃፌ ቆመና የእርጥብ ደበሎው ሽታ እስከ ምድጃው ድረስ ገባ፤ ያ ሽታ ከስንት ዘመን በኋላ እንኳ የልጅነት ቅናቴን ከተኛበት ቀሰቀሰው።

ያኔ ንጉሡ ደብረ ታቦርን ከተማ አድርገው፣ ከጋፋት በኩል የመዶሻ ድምፅ በሚሰማበት ዘመን፣ ወልዴ የሚባል የድጓ ተማሪ በየማለዳው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ሌላውን ደጅ ሁሉ አልፎ ወደኛ ይመጣ ነበር። እኔም የወደደኝ መስሎኝ ከድርሻዬ ቆርሼ፣ ወጥ የነካውን በኩል መርጬ አኩፋዳው ውስጥ እጨምርለታለሁ፤ ለጎረቤታችን ልጅ ለትርንጎም በኩራት አወራላታለሁ። እንዲህ ስል ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን እናቴ ለምን የኛን ደጅ እንደሚመርጥ ብትጠይቀው፣ «ውሻ ስለሌላችሁ ነው፣ እሜቴ» አላት። በሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁት።

በዚያው ክረምት የነትርንጎ ውሻ ገመዱን በጥሶ ባቱን ነከሰው። እናቷ አፍረው ቁስሉ እስኪሽር ግቢያቸው አስቀመጡት፤ ትርንጎ ፌጦ ወቅጣ ስትቀባው፣ እሱ ሲያቃጥለው ዳዊቱን በጩኸት ሲደግም፣ እሷ በሳቅ ስትፈርስ በአጥሩ ቀዳዳ አይ ነበር። ከዓመታት በኋላ ቅስና ሊቀበል ሚስት ሲፈልግ ሽማግሌ የላከው ወደነሱ ቤት ነው። እኔ ሁለት ዓመት አበላሁት፤ እሷ አንድ ቀን አስነከሰችው።

ከዚያ ወዲህ ሠርግ ባለ ቁጥር ሴቱ ሁሉ «ትርንጎ፣ እስቲ የውሻውን ንገሪን» ይላታል። እንደ ውሻው ትጮኻለች፣ እንደ ባሏ ታነክሳለች፣ ሰው እንባው እስኪፈስ ይስቃል። እኔ በባሏም በሳቁም እኩል ቀናሁ። የኔን ድርሻ «ውሻ የሌላቸው ጎረቤቶቻችን» ብላ ነበር የምታልፈው፤ በልቶ በሰላም የሄደን ሰው ማን ያወራዋል።

አሁን ሁለቱም አፈር ሆነዋል። እሷ ስትሞት ይለቀኛል ያልኩት ቅናት ግን አብሮኝ አለ፤ ይባስ ብሎ አወራሯ ይናፍቀኛል፤ ያን ጨዋታ የሚያውቅም ከኔ በቀር አልቀረም። ተማሪው እሳት ዳር ደበሎውን ሲያደርቅ የልጅ ልጆቼ ጨዋታ ንገሩን ብለው ከበቡኝ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርኩ፦

«ድሮ እኛ ቤት አንድ ክፉ ውሻ ነበረን።»